የግል ኩሬ ግድብ ማስተንፈሻና የትርፍ ውሃ ቱቦ አነዳደፍ፦ ለወሎ ተዳፋት የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በወሎ ኩሬ የሚያሠራ ሰው ሐሳቡ ሁሉ የሚያርፈው በሚያጠራቅመው ውሃ ላይ ነው። ይህም አይፈረድበትም፤ የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅ ያየ ወይም ከወላጆቹ የሰማ ሰው የክረምቱ ጎርፍ ወደ ቦርከና ወይም ወደ ሚሌ ወርዶ ሲቀር ማየት ያንገበግበዋል። የአፈር ግድብ ንድፍ የሚጀመረው ግን ኩሬው ሊይዘው ከማይችለው ውሃ ነው። አፈር ውሃን ከጎኑ ይዞ ለዓመታት ሊቆም ይችላል፤ ውሃው በአናቱ ላይ ተርፎ መፍሰስ ሲጀምር ግን በሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተቦርቡሮ ያልቃል። ስለዚህ ማስተንፈሻው (ትርፉ ጎርፍ ግድቡን ሳይነካ የሚያልፍበት፣ ብዙዎች ስፒልዌይ የሚሉት ሰፊ ቦይ) ግድቡ ካለቀ በኋላ በተረፈው ገንዘብ የሚጨመር ነገር ሳይሆን የግድቡን ቁመትና ቦታ የሚወስን የመጀመሪያው ሥራ ነው።

መመሪያው የሚያገለግለው ከእግሩ እስከ አናቱ ከ5 ሜትር ለማይበልጥ የአፈር ግድብና ከ50 ሄክታር ለማይበልጥ ተፋሰስ ነው። ግድቡ ቢሰበር ጎርፉ ሊደርስበት በሚችል ቦታ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም የመኪና መንገድ ካለ ግን ቁመቱ ምንም ቢያንስ ንድፉን መሐንዲስ ሊሠራው ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ የውሃ ሀብት የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት እንደሆነ ተደንግጓል፤ በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድና ባህላዊ መስኖ ከፈቃድ ነጻ ቢሆኑም የውሃ ሥራ ግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል። በመሆኑም ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የወረዳውን የውሃ ጽሕፈት ቤት ማነጋገርና ከታች ካሉት ባለ መሬቶች ጋር ትርፉ ውሃ በየት እንደሚወርድ በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል።

አንደኛ ደረጃ፦ የሚመጣውን ጎርፍ ማስላት

ጎርፉን ለመገመት ሦስት ነገሮች ይበቃሉ፤ የተፋሰሱ ስፋት፣ የዝናቡ ጥንካሬና ከዘነበው ውስጥ ሳይሰርግ የሚፈሰው ድርሻ። ስፋቱን በጉግል ኧርዝ ላይ የሸንተረሩን ጫፍ ተከትሎ በማስመር ማግኘት ይቻላል። ይሁን እንጂ በዝናብ ሰዓት ራስዎ በሸንተረሩ ላይ ተጉዘው ያረጋግጡ፤ በካርታ ላይ ወደ ሌላ ሸለቆ የሚወርድ የሚመስል ውሃ በመንገድ ቦይ ወይም በአሮጌ ጎርፍ መቀልበሻ ተመልሶ ወደ እርስዎ ኩሬ ሊመጣ ይችላል።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ጎርፍ (በሜትር ኩብ በሰከንድ) = የፍሰት ድርሻ × የዝናብ ጥንካሬ (በሚሊ ሜትር በሰዓት) × ስፋት (በሄክታር) ÷ 360። የፍሰት ድርሻው በደንብ በተከለለና ቁጥቋጦው ባገገመ ተራራ ላይ ከ0.2 እስከ 0.3፣ በታረሰ ተዳፋት ላይ ከ0.4 እስከ 0.5፣ በተራቆተና በከብት በተረገጠ የግጦሽ መሬት ላይ እስከ 0.6 ሊወሰድ ይችላል። እርከን መኖሩ ጎርፉን ይቀንሳል ብሎ ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ የብዙዎች ስሕተት ነው። እርከን መካከለኛውን ዝናብ ይይዛል፤ በከባዱ ዝናብ ቀን ግን ራሱ ተደርምሶ ያቆረውን ውሃ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል።

የዝናብ ጥንካሬ የቀን ዝናብ መጠን አይደለም። በወሎ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በአብዛኛው ከቀትር በኋላ የሚወርድ ሲሆን፣ በዕለቱ መዝገብ ላይ 60 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚጻፈው ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወርዶ ሊሆን ይችላል። የሚፈለገው ውሃ ከተፋሰሱ የሩቅ ጫፍ ኩሬው ጋ እስኪደርስ በሚፈጅበት ጊዜ ልክ የሚዘንበው ዝናብ ጥንካሬ ነው። ይህን ከኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የፍሳሽ ዲዛይን ማንዋል ማግኘት ይቻላል፤ ማንዋሉ አገሪቱን በዝናብ ክልል ከፍሎ ለየክልሉ የጥንካሬና የቆይታ ጊዜ ኩርባዎችን ይሰጣል። ለግል ኩሬ በ50 ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቀውን ዝናብ መውሰድ ተገቢ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። በሐይቅና በኮምቦልቻ መካከል ባለ ተዳፋት ላይ 24 ሄክታር፣ ማለትም ወደ 96 ጥማድ ገደማ የሚሆን ተፋሰስ አለ እንበል። የረጅሙ ፍሰት ርዝመት 900 ሜትር፣ የከፍታው ልዩነት 135 ሜትር ነው። በኪርፒች ቀመር ሲሰላ ውሃው ኩሬው ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጅበታል፤ በስሌት ግን ከ10 ደቂቃ በታች አለመውረድ የተለመደ ነው። ለዚህ ቆይታ ከኩርባው የተነበበው ጥንካሬ 120 ሚሊ ሜትር በሰዓት ቢሆንና የፍሰት ድርሻውን 0.45 ብንወስድ፣ 0.45 × 120 × 24 ÷ 360 = 3.6 ሜትር ኩብ በሰከንድ ይሆናል። በየሰከንዱ ከ3 ቶን ተኩል በላይ ውሃ ማለት ነው። ስምንቷ ደቂቃ ደግሞ ሌላም ነገር ትናገራለች፤ ደመናው ከከበደ በኋላ ወደ ኩሬው ሮጦ በር መክፈት የሚባል ነገር አይኖርም፤ ማስተንፈሻው ያለ ሰው እጅ በራሱ የሚሠራ መሆን አለበት።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ከፍታዎችን መወሰን

ከሁሉም ዝቅ የሚለው የቱቦው አፍ ሲሆን፣ ይህ የኩሬው መደበኛ የውሃ ከፍታ ነው። ከእርሱ በላይ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የማስተንፈሻው ደፍ፣ ማለትም ውሃው ተሻግሮ መፍሰስ የሚጀምርበት ድልዳል ወለል፣ ይቀመጣል፤ ትንንሹ ዝናብ በቱቦው እንዲወጣና የማስተንፈሻው ሣር ሁልጊዜ በውሃ ተነክሮ እንዳይበሰብስ ይህ ልዩነት አስፈላጊ ነው። ከደፉ በላይ ጎርፉ የሚያልፍበት ጥልቀት ይታከላል፤ በምሳሌያችን 40 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን እናደርጋለን። በመጨረሻም ማዕበልና የስሌት ጉድለት እንዳይጎዳው 50 ሴንቲ ሜትር ነጻ ከፍታ ይተዋል። ሲደመር የግድቡ አናት ከመደበኛው ውሃ 1.20 ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው።

ውሃው በጥልቁ ቦታ 3 ሜትር ከሆነ የግድቡ የመጨረሻ ቁመት 4.20 ሜትር ነው። አዲስ አፈር ግን ይሰምጣል። በሮለር በየንብርብሩ ለተጠቀጠቀ 5 በመቶ፣ በሰው እጅ ለተደቀደቀ 10 በመቶ መጨመር ስለሚገባ በእጅ የሚሠራው ግድብ ሲያልቅ 4.62 ሜትር መሆን አለበት። የመስመጡ መጠን ከቁመት ጋር ስለሚያድግ መካከሉ ከዳሩ ይበልጥ ይሰምጣል፤ ስለዚህ አዲስ ግድብ መካከሉ ጎበጥ ብሎ ቢታይ ትክክል ነው። ሲያልቅ ቀጥ ያለው ግድብ ከሁለት ክረምት በኋላ መካከሉ ጎድጉዶ፣ ውሃው አናቱን የሚሻገርበትን ቦታ ራሱ ያዘጋጃል።

ከፍታውን ሁሉ ግንበኞች በሚጠቀሙበት በውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ መለካት ይቻላል፤ በዓይን መገመት ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። በአቅራቢያ ባለ ቋሚ አለት ላይ የመነሻ ምልክት ቀብተው ሁሉንም ከእርሱ ይለኩ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ማስተንፈሻው

ማስተንፈሻው የሚቆፈረው በግድቡ ላይ ሳይሆን ከግድቡ ጎን ባለ፣ ያልተነካ የተፈጥሮ መሬት ላይ ነው። ከኩሬው ጥቂት ራቅ ብሎ ዝቅ ያለ ኮርቻ መሬት ካለ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም። በአዲስ የተሞላ አፈር ላይ ማስተንፈሻ መሥራት ግድቡን በገዛ እጅ ለጎርፉ እንደመስጠት ይቆጠራል።

ስፋቱን ለማወቅ የሚረዳው ስሌት፦ ጎርፍ = 1.5 × የደፉ ስፋት × ጥልቀት × √ጥልቀት ነው። ለስላሳ የድንጋይ ግንብ ደፍ ቢሆን 1.7 ሊወሰድ ይችላል፤ ሣር ለለበሰና ረዘም ላለ ደፍ 1.5 የተሻለ ጥንቃቄ አለው። በዚህ መሠረት የእኛን 3.6 ሜትር ኩብ በ30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለማሳለፍ 15 ሜትር ያህል ስፋት፣ በ40 ሴንቲ ሜትር 9.5 ሜትር፣ በ50 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 7 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ጠባቡ ቁፋሮ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ውሃው ጥልቅና ፈጣን ስለሚሆን ሣሩን ይነቅላል፤ ግድቡም በዚያው ልክ ከፍ እንዲል ያስገድዳል። በወሎ ተዳፋት ላይ እኔ ሰፊውን እመርጣለሁ። እዚህ ጋ 10 ሜትር ወስደናል። ብዙ ባለ ኩሬዎች የሚቆፍሩት ግን አንድ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ወንዙ ራሱ ከዚያ አይሰፋም»። ወንዙ ጠባብ ቢሆንም ጥልቅ ነው፤ በተዳፋቱም በፍጥነት ይወርዳል። ደፉ ላይ የደረሰው የኩሬ ውሃ ግን የቆመ ነው፤ ለመውጣት ስፋት ይፈልጋል።

ደፉ በፍሰቱ አቅጣጫ ቢያንስ 8 ሜትር ያህል ድልዳል፣ ከዳር እስከ ዳር ደግሞ በውሃ ልክ የተስተካከለ ይሁን። 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ አንድ ቦታ ካለ ውሃው ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ይቦረቡራል። ለዚህ የሚረዳው በደፉ የታችኛው ጫፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የድንጋይ ግንብ በመሬት ውስጥ መቅበር ነው። ግንቡ ከመሬቱ ጋር እኩል ሆኖ ደረጃውን ይጠብቃል፤ ከታች ወደ ላይ እየበላ የሚመጣውን ቦረቦርም ያቆመዋል። የማስተንፈሻው ጎኖች ለ1 ሜትር ቁመት 2 ሜትር አግድም ወይም ከዚያ ላልቶ 3 ሜትር ሆነው ይሠሩ።

ከደፉ በታች ያለው መውረጃ ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ክፍል ነው። የእኛ ጎርፍ በ3 በመቶ ተዳፋት ላይ በሣር መካከል ሲወርድ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.8 ሜትር ያህል ይሆናል፤ በደንብ ሥር የሰደደ ሰርዶ በጠንካራ አፈር ላይ ይህን ይችላል። በ10 በመቶ ተዳፋት ላይ ግን ፍጥነቱ 2.5 ሜትር ደርሶ ሣሩን ያነሣዋል። ስለዚህ መውረጃው የመሬቱን ወገብ ተከትሎ እያዘነበለ እንዲወርድ ማድረግ፣ ይህ ካልተቻለ ደግሞ በየአንድ ሜትሩ በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) ደረጃ መሥራትና ከእያንዳንዱ ደረጃ ሥር የድንጋይ ንጣፍ ማንጠፍ ግድ ይሆናል። ከጋቢዮኑ ሥር ጠጠር ወይም የማጣሪያ ጨርቅ ካልተነጠፈ ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ አፈሩን ይጠርግና ጋቢዮኑ ባዶ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሚወርደው ውሃ ወደ ግድቡ እግር እንዳይመለስ በግድቡ ወገን ዝቅ ያለ የመከለያ ካብ ይሠራለታል።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ የክረምቱ የመጀመሪያ ጎርፍ በስንጥቁ ስለሚገባ ሣር ብቻውን አይበቃውም። እንዲህ ባለ መሬት ደፉንም መውረጃውንም በጠጠር ላይ በተነጠፈ ድንጋይ መሸፈን ይሻላል። አፈሩ በውሃ የሚበተን ዓይነት መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ሽምብራ የምታህል ጓል በዝናብ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጡ። ፈርሳ ክምር ብትሆን አያሠጋም፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ በዙሪያዋ የደፈረሰ ደመና ከተበተነ ግን ያ አፈር ለግድብም ለማስተንፈሻም መጠቀሚያ አይሁን።

አራተኛ ደረጃ፦ የትርፍ ውሃ ቱቦው

ቱቦው የዘወትሩን ውሃ፣ የምንጩን ፍሳሽና የትንሹን ዝናብ ያወጣል፤ ከጎርፍ ግን አያድንም። በግድቡ ሥር የተዘረጋ 22 ሜትር ርዝመት ያለው 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በ3 ሜትር የውሃ ጫና በሰከንድ 25 ሊትር ያህል ብቻ ያሳልፋል። የእኛን ጎርፍ በእርሱ ለማውጣት ከ140 በላይ ቱቦ ያስፈልግ ነበር። በ200 ሚሊ ሜትር ቱቦ 100 ሊትር ያህል ይወጣል፤ ለምሳሌያችን ኩሬ ይህ በቂ ነው።

የተለመደው አሠራር በኩሬው ውስጥ የሚቆም ቋሚ ቱቦና ከግድቡ ሥር የሚያልፍ አግዳሚ ቱቦ ነው። ቋሚው ከአግዳሚው ሰፋ ማለት አለበት፤ ለ200 አግዳሚ 315 ሚሊ ሜትር ቋሚ ይስማማል። ባዶ ሳለ 3 ሜትር ውሃ ውስጥ የቆመ 315 ሚሊ ሜትር ቱቦ 234 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ እግሩ ቢያንስ 90 በ90 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 35 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ኮንክሪት ውስጥ ይቀበር። በአፉ ላይ ውሃው እየተሽከረከረ አየር እንዳይስብ የሚከላከል፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም ጠፍጣፋ ብረት ይታሰርበታል። ኩሬውን ለማጽዳት የሚያገለግለው ቫልቭ በቋሚው ቱቦ እግር፣ በውሃው ወገን ይግጠም። ቫልቩ በታችኛው ጫፍ ብቻ ሲሆን ቱቦው ዓመቱን ሙሉ በግድቡ ሆድ ውስጥ በጫና ይቆያል፤ አንድ መገጣጠሚያ ቢያንጠባጥብ ግድቡን ከውስጥ ይበላዋል።

በአፉ ላይ የሚደረገው የቆሻሻ መከላከያ ፍርግርግ ከአፉ ስፋት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ፣ እንደ ቅርጫት የተሠራ ይሁን። የማሽላ አገዳ፣ ገለባና ፌስታል ጠፍጣፋ ፍርግርግን በአንድ ዝናብ ይደፍኑታል። በኩታበርና በደላንታ ደጋ ደግሞ በረዶ አለ፤ ተንሳፍፎ የሚመጣው በረዶ ፍርግርጉን ለሰዓታት ሊዘጋው ስለሚችል በደጋ የሚሠራ ማስተንፈሻ ቱቦው ጨርሶ እንደሌለ ተቆጥሮ መሰላት አለበት።

ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ቆሮሶው በጎርፍ እንዳያመልጥባቸው በማስተንፈሻው ላይ መረብ ሲወጥሩ አይቻለሁ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ከጆንስታውን ከተማ በላይ የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ የአንድ የዓሣ ማጥመድና የአደን ክበብ የግል ንብረት ነበር። በግድቡ ሥር የነበሩት የውሃ መልቀቂያ ቱቦዎች ቀድሞውኑ ተነቅለው አልተተኩም፤ አናቱ ለሠረገላ መንገድ ሲባል ዝቅ ተደርጎ ነበር፤ በማስተንፈሻውም ላይ የዓሣ መከላከያ ወንፊት ተተክሎ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 በከባድ ዝናብ ወንፊቱ በግንድና በቆሻሻ ተዘጋ፤ ውሃው በአናቱ ተሻግሮ ግድቡ ሲፈርስ 2,209 ሰዎች አለቁ። ዓሣ በቱቦው አፍ ላይ በሚደረግ ፍርግርግ ሊጠበቅ ይችላል፤ ማስተንፈሻው ግን ምንጊዜም ክፍት ይሁን።

አምስተኛ ደረጃ፦ በቱቦው ዙሪያ የሚሰርገውን ውሃ መቆጣጠር

ብዙ ትንንሽ ግድቦች የሚፈርሱት እዚህ ላይ ነው። ውሃ በቱቦውና በአፈሩ መካከል ቀጭን መንገድ ያገኛል፤ ቅንጣት አፈር እየጠረገ ያሰፋዋል፤ አንድ ቀን ግድቡ ከሥሩ ይከፈታል። ቧንቧ ሠራተኞች ፒቪሲን በአሸዋ ላይ መዘርጋት ስለለመዱ ከግድብም ሥር እንዲሁ ያደርጋሉ። በመንገድ ዳር ትክክል የሆነው ይህ ልማድ በግድብ ውስጥ ለውሃው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎዳና ይከፍትለታል። ቱቦው በጠንካራ የተፈጥሮ መሬት ላይ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ያርፍ፤ ከጎኑና በተለይም ከሆዱ ሥር እርጥብ ሸክላማ አፈር በ10 ሴንቲ ሜትር ንብርብር በእጅ ይደቅደቅ። የእርጥበቱ ልክ አፈሩ በመዳፍ ሲጨበጥ የሚቋጠር፣ እጅን ግን የማያጨቀይ መሆን አለበት።

አሸዋ የሚገባው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ከግድቡ ሥር በሚያልፈው ቱቦ ርዝመት፣ ወደ መውጫው ባለው ሦስተኛ ክፍል ላይ ቱቦውን ዙሪያውን የሚከብ፣ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውና ከቱቦው በየአቅጣጫው በቱቦው ስፋት ሦስት እጥፍ የሚወጣ የታጠበ የወንዝ አሸዋ ግድግዳ ይሠራል። ሰርጎ የመጣውን ውሃ አፈሩን እያስቀረ ይቀበልና በጠጠር መውረጃ ወደ ግድቡ እግር ያወጣዋል። ቀድሞ በቱቦው ላይ ይደረጉ የነበሩት የኮንክሪት አንገትጌዎች ዙሪያቸውን አፈር መጠቅጠቅ አስቸጋሪ በመሆኑ የአሸዋውን ግድግዳ ያህል አይታመኑም።

ከመቅበርዎ በፊት ቱቦውን ደፍነው በውሃ ይሙሉና አንድ ቀን ያቆዩት። የመውጫው ጫፍ ከግድቡ እግር 2 ሜትር ያህል አልፎ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር በሚሆኑ ድንጋዮች በተነጠፈ ጉድጓድ ላይ ይፍሰስ፤ ፀሐይ የሚያገኘው ክፍል በብረት ወይም በኤችዲፒኢ (ፀሐይ በሚችል ጥቁር ፕላስቲክ) ቱቦ ይተካ።

የሥራው ጊዜ

ቁፋሮው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይለቅ። መጀመሪያ ቱቦው፣ ቀጥሎ ማስተንፈሻው፣ በመጨረሻ የግድቡ አናት ይሠራል፤ ከማስተንፈሻው የሚወጣው አፈር ጥሩ ከሆነ ለግድቡ ይውላል። ሰርዶውን በበልጉ ዝናብ ይትከሉ፤ በልጉ ከቀረ በባልዲም ቢሆን እያጠጡ ከሰኔ በፊት ሥር እንዲሰድ ያድርጉ። በደፉ ግንብ አጠገብ አንድ መስመር የቬቲቨር ሣር ቢተከል ይረዳል፤ በግድቡ ላይ ባህር ዛፍም ሆነ ሌላ ዛፍ ግን አይተከል፤ ሥሩ ሲበሰብስ የውሃ መንገድ ይሆናል። የመጀመሪያውን ክረምት ማስተንፈሻው ከብት እንዳይረግጠው በእሾህ ይታጠር፤ አጥሩ ግን በውሃው መንገድ ላይ አይተኛ።

ከተሠራ በኋላ

በየግንቦቱ የፍልፈልና የጃርት ጉድጓድ ይፈልጉና ቆፍረው እየጠቀጠቁ ይድፈኑ፤ ፍርግርጉን ይጥረጉ፤ ደፉን እንደገና በውሃ ልክ ይለኩ። በቱቦው መውጫ ዙሪያ የጠራ ውሃ ቢያንጠባጥብ መጠኑን እየመዘገቡ ይከታተሉት። የደፈረሰ ከሆነ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነውና በዚያው ሰዓት ቫልቩን ከፍተው ውሃውን ያውርዱ። በጎርፍ ሰዓት ውሃው ወደ አናቱ እየቀረበ ከሆነ ከሁሉ በፊት ከታች ያሉትን ሰዎች ያስጠንቅቁ፤ ከዚያ ዝቅ ያለውን አናት አፈር በሞሉ ጆንያዎች ይከልሉ፤ ግድቡን መቅደድ ግን ፈጽሞ አይሞከር።

በደፉ ዳር በየ5 ሴንቲ ሜትሩ የተሰመረ ችካል ይትከሉ፤ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ጎርፉ ጭቃና ገለባ ጥሎ ያለፈበትን ከፍታ ከቀኑ ጋር ይመዝግቡ። ከደሴ በስተደቡብ ባለችው ሜይባር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1981 ጀምሮ ዝናብና ጎርፍ ሲለካ የኖረው እንዲህ ባለ ትንሽ ተፋሰስ ላይ ነው፤ የእርስዎም ተፋሰስ የራሱ መዝገብ ይገባዋል። ለ40 ሴንቲ ሜትር በተነደፈ ማስተንፈሻ ላይ ምልክቱ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክረምቶች 30 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ስሌቱ አንሷል ማለት ነውና ከሚቀጥለው በልግ በፊት ደፉን ቢያንስ በግማሽ ያስፉት።